ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ብርድ ልብስ ስትሰፉ፦ የትኛው ጨርቅ፣ የትኛው ሙሌት፣ የትኛው ልክ?

በኮተቤ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በጀሞ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሴቶች ተሰባስበው ሆስፒታል ለተኙ ጨቅላ ሕፃናት ትንንሽ ብርድ ልብስ እንስፋ ሲሉ ወሬው ብዙ ጊዜ በቀለም ይጀመራል። ሮዝ ይሁን ሰማያዊ፣ አበባ ይኑረው ወይስ አንበሳ። ቀለም መምረጥ ደስ ያሰኛል፤ ልብሱ ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን የሚወስኑት ግን ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው። ሕፃኑ የተኛው ምን ላይ ነው? ልብሱን የሚያጥበው ማን ነው? በሐምሌ ዝናብ በስንት ቀን ይደርቃል? አማራጮቹን የማወዳድረው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው፤ የትኛውን እንደምደግፍም በየቦታው እናገራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሕፃኑ ጥቂት ልበል። ከ37 ሳምንት እርግዝና በፊት የተወለደ ሕፃን ያለ ጊዜው እንደተወለደ ይቆጠራል። ከ28 ሳምንት በፊት የመጣው ደግሞ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቆዳው ስስ ነው፤ ከቆዳው ሥር ሙቀት የሚይዝለት ስብ ገና አልተጠራቀመም፤ ከክብደቱ አንጻር የገላው ስፋት ትልቅ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ መቆየት አለበት። ሲበርደው ለማደግ የሚያስፈልገውን ጉልበት ሙቀት በመፍጠር ይጨርሰዋል፤ ትንፋሹም ይደክማል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ወደ ሱሉልታ በኩል ሲወጡ ብርዱ ይብሳል። በሰባተኛ ወሯ የወለደች እናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አላዘጋጀችም። ጊዜው ገና ነበር፤ ሕፃን ሳይወለድ ልብስ መግዛት የማይወዱ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የምትሰፉት ልብስ ለዚያ ሕፃን የመጀመሪያው የግል ንብረቱ ሊሆን ይችላል፤ ይህን እያሰባችሁ ምረጡ።

ልብሱ የሚያርፈው የት ነው?

ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሰዎች ሆናችሁ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ሂዱና ኃላፊዋን ነርስ አነጋግሩ። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ላላችሁ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባችኋል፤ መሀል ከተማ ደግሞ ጋንዲ መታሰቢያ፣ ዘውዲቱ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ጥቁር አንበሳ አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ኢንፌክሽን የሚከላከልበት የራሱ አሠራር አለው፤ አንዱ በደስታ የሚቀበለውን ሌላው ሊመልሰው ይችላል። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ በትሕትና «ምንም ቢሆን ደስ ይለናል» ትባላላችሁ። ይልቁን «ልብሱን የምታጥቡት እናንተ ናችሁ ወይስ አስታማሚዎች? እናቶች ሕፃኑን ደረታቸው ላይ የሚያቅፉበት ክፍል አላችሁ? አሁን ምን ታለብሷቸዋላችሁ?» በሉ። ለእነዚህ የሚሰጣችሁ መልስ ግማሹን ሥራ ያቀልላችኋል።

ልብሱ የሚውልበት ቦታ በአራት ይከፈላል፤ አራቱም የተለያየ ስፌት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው የኢንኩቤተር መሸፈኛ ነው። ሕፃኑ በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ሳለ ሙቀቱን የሚያገኘው ከመሣሪያው ነው፤ ከላይ የሚጣለው ጨርቅ ሥራው ብርሃን መጋረድና ድምፅ ማብረድ ነው። ገና በማኅፀን ጨለማ ውስጥ መሆን ለነበረበት ሕፃን ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሸፈኛው ወደ ሕፃኑ በሚዞረው ፊቱ ጠቆር ያለ ቀለም ቢኖረው ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ቢሆን ደግሞ የጩኸቱን ስለት ያለዝባል። ችግሩ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ልክ ያለው መሆኑ ነው። መሸፈኛው የአየር መግቢያውን፣ የቁጥር መስኮቱንና የማስጠንቀቂያ መብራቱን መሸፈን የለበትም፤ ነርሷም በአንድ እጅ ገልጣ ሕፃኑን ማየት መቻል አለባት። ክፍሉ ራሱ ካልጠየቃችሁና ሜትር ይዛችሁ ገብታችሁ ካልለካችሁ በዚህ አትጀምሩ።

ሁለተኛው ከሕፃኑ ሥር የሚነጠፈው ነው። ከላይ ሙቀት በሚለቅ ክፍት ማሞቂያ ሥር የተኛ ሕፃን በጨርቅ መሸፈን የለበትም፤ ጨርቁ የሚመጣውን ሙቀት ይከለክለዋል። ቆዳው ቢጫ ሆኖ በሰማያዊ ብርሃን የሚታከምም እንዲሁ ነው፤ ብርሃኑ ገላውን ካልነካው ሕክምናው ከንቱ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ልብሱ ከሥር ይነጠፋል፤ ወይም ተጠቅልሎ በሕፃኑ ዙሪያ እንደ ጎጆ ይደረጋል። ጎጆው እጅና እግሩን ሰብሰብ አድርጎ እንዲተኛ ይረዳዋል። ለዚህ ስስ ልብስ እንጂ ወፍራም አይሆንም፤ ወፍራሙ አልጠቀለልም ይላል።

ሦስተኛው እናትና ልጅ አብረው የሚለብሱት ነው፤ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተጀመረ። የጀመሩት ዶክተር ኤድጋር ሬይ ይባላሉ፤ ምክንያታቸውም ኢንኩቤተር ማጠሩና በአንድ መሣሪያ ውስጥ ብዙ ሕፃናት መታጨቃቸው ነበር። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ በእናቱ ባዶ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይታቀፋል፤ በጨርቅም ይታሰራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ወይም ክብደታቸው አነስተኛ ለሆነ ሕፃናት ይህ እንክብካቤ ከተወለዱ በኋላ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን ይላል። እንግዲህ አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር ደረቷን ከፍታ ልትቀመጥ ነው። ፊት ለፊቷን የልጇ ገላ ያሞቃታል፤ የልጁን ጀርባ የሚያሞቀው ማነው? ቀለል ያለች፣ እንደልብ የምትተጣጠፍ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ የምትደርስ ልብስ የምታስፈልገው እዚህ ነው። እናትየዋም ከሰው ዓይን ትከለልበታለች። ሲቀዘቅዝ ትደርባታለች፤ ሲሞቅ ታነሣታለች።

አራተኛው ወደ ቤት ሲሄዱ የሚጠቀለልበት ነው። እሱ ትንሽ ሰፋ፣ ትንሽ ደመቅ ቢል ያምርበታል።

ጨርቅ

ከሕፃኑ ቆዳ ጋር ለሚገናኘው ፊት ንጹሕ ጥጥ እንጂ ሌላ አልመርጥም። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠባል፤ ቢቀቀልም ይችላል፤ የጋለ ካውያ አይፈራም። ሆስፒታል ውስጥ ለሚኖር ልብስ እነዚህ ከውበት ይቀድማሉ።

ፍላኔል የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ፊቱ የለሰለሰና ቀላል ጠጉር ያለው የጥጥ ጨርቅ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ብዙ ሳይወፍር ያሞቃል። ጉድለቱ ሲታጠብ መሰብሰቡ ነው፤ በመቶ አምስትና ከዚያም በላይ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ይህን የዘለለ ሰው የሰፋው ካሬ ልብስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ተጨማዶና ተጣሞ ይወጣል፤ በተለይ ፊቱ ፍላኔል፣ ገበሩ ሌላ ጨርቅ ከሆነ።

አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ በየገበያው ይገኛል፤ ደጋግሞ ሲታጠብ እየለሰለሰ ይሄዳል። ለገበር ግሩም ነው። ነገር ግን ልብሱን ሁለቱንም ፊት በነጭ አቡጀዲ ብቻ አትስፉ። በአገራችን ሬሳ የሚገነዘው በነጭ ጨርቅ ነው፤ ልጇ ይተርፍ አይተርፍ እያለች በጭንቀት ለምትጠብቅ እናት ነጭ አቡጀዲ አጣጥፎ ማቀበል ያሳቅቃል። ነርሶች ይህን በደንብ ያውቁታል። አንዱን ፊት ባለቀለም ወይም ባለጌጥ ፍላኔል አድርጉት፤ አቡጀዲውም ቀለም ቢነከር ወይም ቀጭን መስመር ያለው ቢመረጥ ነገሩ ይለወጣል።

ጋቢና ነጠላ የብዙዎቻችሁ ልብ የሚሄድባቸው ናቸው፤ የእኔም እንዲሁ። ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ሸማ ተራ ስትሄዱ እጃችሁ ራሱ ይዘረጋል። ነገር ግን ሙሉ ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ከሕፃኑ ራሱ ሊከብድ ይችላል፤ ክረምት ላይ ታጥቦ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ሽመናው ሳሳ ስለሚል የሕፃን ጣት፣ የምግብ ቱቦና የመቆጣጠሪያ ሽቦ ይያዝበታል። ዘርፉም አደጋ ነው። ሆኖም ያረጀና በእጥበት ብዛት የለሰለሰ ጋቢ አትጣሉ። እጥፎቹን ለያዩና አንዱን ብቻ በሁለት ፍላኔል መካከል አስገቡት፤ ወደ ሙሌት ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ፍሊስ የሚባለው ለስላሳና ጠጉራማ ጨርቅ ሲነኩት ያባብላል። ቀላል ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ጠርዙ አይተረተርም፤ ስለዚህ ለሰፊው ምቹ ነው። ነገር ግን ፖሊስተር ነው፤ ላብ አይመጥም፤ በከፍተኛ ሙቀት ይበላሻል። ሌላ ጥጥ ካልተገኘ ከላይኛው ፊት፣ ከቆዳ ርቆ ሊውል ይችላል። ቴትሮንና ሳቲን ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስም፣ በየቤታችን የኖረና የተከበረ ቢሆንም፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቆዳ ይሻክራል።

ሰልባጅ ውስጥ ጥሩ ጥሩ የፍላኔል አንሶላ ይገኛል፤ ዋጋውም ከብትን ጨርቅ ይቀንሳል። ጥያቄው በእርግጥ ጥጥ ነው ወይ የሚለው ነው። ከጠርዙ አንድ ሁለት ክር ምዘዙና በሳህን ላይ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፤ የሚተርፈው አመድ በጣት ሲነካ ይበተናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ጥቁርና ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ከሆነ ነድዶም ትንንሽ ጠጣር ነገር ይተዋል። ከዚያ አንሶላውን ወደ ብርሃን አንሡት፤ መሀሉ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ዳርና ዳሩን ብቻ ተጠቀሙ። ስስ የሆነው ክፍል የሆስፒታል እጥበት አይችልም።

ስለ ቀለም አሁን ይነሣ። ከኢንኩቤተር መሸፈኛው በቀር ወደ ሕፃኑ የሚዞረው ፊት ፈካ ያለና ለዘብ ያለ ይሁን። ነርሷ የሕፃኑን ቆዳ አይታ ቢጫ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ገረጣ ብላ ትወስናለች፤ ደማቅ ቢጫ ወይም ደማቅ ሰማያዊ ጨርቅ ቆዳው ላይ ቀለሙን እየጣለ ዓይኗን ያሳስታል። የፈካ ጨርቅ ደምና ትውኪያም አይደብቅም። ድምቀቱን ሁሉ በውጭኛው ፊት አፍስሱት።

ሙሌት ያስፈልጋል ወይ?

ብዙ ሴቶች ብርድ ልብስ ሲባል መሀሉ የተሞላ ነገር ይታያቸዋል። እኔ ለአብዛኛው ሥራ ሁለት ድርብ ፍላኔል ያለ ምንም ሙሌት ይበቃል እላለሁ። በሰሌዳ ላይ ሲሰላ የተለመደው ፍላኔል በካሬ ሜትር ወደ 160 ግራም ይመዝናል። 68 በ68 ሳንቲ ሜትር የሆነች ልብስ ሁለቱ ፊቶቿ ተደምረው ወደ 150 ግራም ናቸው ማለት ነው። ሕፃኑ አንድ ኪሎ ተኩል ከሆነ ይህ የክብደቱ አንድ አስረኛ ነው። ከዚህ በላይ በጨመርን ቁጥር በዚያች ትንሽ ደረት ላይ ሸክም እንጨምራለን። ለዚህ ስል ከእያንዳንዱ ዙር ሥራ አንዷን በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን ጥሩ ልማድ ነው።

ሙሌት ከተፈለገ ሦስት አማራጭ አለ። ባዘቶ ጥጥ ሲነኩት ደስ የሚል፣ አያቶቻችን የሚያውቁት ነው። ነገር ግን በእጥበት ይሸሻል፤ አንዱ ጥግ ይጓጉላል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። እንዳይሸሽ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ መስፋት ይጠይቃል፤ ያኔ ደግሞ ልብሱ ይገተራል። ለመድረቅም ይዘገያል፤ ውስጡ ረጥቦ የቀረ ጥጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ ለእነዚህ ሕፃናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፖሊስተር ሙሌት ቀላል ነው፤ አይጓጉልም፤ ቶሎ ይደርቃል። መቀቀልና የጋለ ካውያ ግን አይችልም፤ ስለዚህ የክፍሉ ልብስ አጣቢዎች በፈላ ውኃ የሚያጥቡ ከሆነ ቶሎ ይሟሽሻል።

ሦስተኛው ያ የተለያየው የአሮጌ ጋቢ እጥፍ ነው። የተሸመነ ስለሆነ የትም አይሸሽም፤ ጥጥ ስለሆነ መቀቀል ይችላል፤ በእጥበት ያጠረውን ያህል አጥሮ ጨርሷል። በየአስር ወይም አስራ ሁለት ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ይበቃዋል። ሽመናው የሚያመጣው ጣት የመያዝ አደጋም በሁለት ፍላኔል መካከል ስለተዘጋ ይጠፋል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀደደ ጋቢ አይጠፋም፤ በዕድር ወይም በማኅበር ስትገናኙ ብትጠይቁ በአንድ ቀን የሚበቃችሁን ታገኛላችሁ። በሽያጭ ከሚገኝ ከየትኛውም ሙሌት ይህን እመርጣለሁ።

ልክ

ሦስት ልክ ይበቃል። ለማንጠፊያና ለጎጆ 50 በ50፣ ለእናትና ልጅ 68 በ68፣ ለቤት መሄጃ 90 በ90 ሳንቲ ሜትር። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ መሀለኛውን ብቻ ስፉ።

68 የሚለው ቁጥር ከጨርቁ ወርድ የመጣ ነው። 150 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ፍላኔል ታጥቦ ሲሰበሰብ ወደ 143 ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ባለ 70 ካሬ ይወጣል። በየዙሪያው አንድ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 68 ይቀራል። አንድ ሜትር ተኩል ገዝታችሁ ብታጥቡ አራት ካሬ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ልብስ ታገኛላችሁ፤ የሚተርፈው ቅዳጅም ጥቂት ነው። ወርዱ 90 የሆነውን ከገዛችሁ ከጎኑ ብዙ ይባክናል፤ ቅዳጁን ግን ለኮፍያ ልታውሉት ትችላላችሁ። ኮፍያ ስል፣ የጨቅላ ሕፃን ጭንቅላት ከገላው አንጻር ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሙቀት የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ክፍሉ ብርድ ልብስ በቃን ካላችሁ ወደ ኮፍያ ተሻገሩ።

አሰፋፍ

በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ለከተማ ዳር ሰፈር የተሠራ ይመስላል፤ መብራት ቢሄድም አያቆምም። የስፌቱ እርምጃ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ረጅም እርምጃ ክሩ ልል ሆኖ ከጨርቁ ይነሣል፤ የተነሣ ክር ደግሞ በሕፃን ጣት ላይ ይጠመጠማል። ይህ የታወቀ አደጋ ነው፤ አንድ ክር ወይም ፀጉር በጣት ዙሪያ ጠብቆ ደም ሊያቆም ይችላል። በዚህ ምክንያት በየመሀሉ በክር ቋጥሮ ማሰርን አልደግፍም፤ ፈጣን ዘዴ ቢሆንም የክሩ ጫፎች ይንጠለጠላሉ።

የስፌት መኪና የሌላቸው እናቶች ከሥራው አይገለሉ። በእጅ ሲሰፋ ወደኋላ እየመለሱ፣ እርምጃውን እያሳጠሩ ከሆነ ይጠነክራል። ከዚህም በላይ ጨርቁን መለየት፣ መለካት፣ መቁረጥ፣ መጨረሻ ላይ ክፍተቱን በእጅ መዝጋትና ክር መልቀም የሰለጠነ ዓይን የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። በዕድሜ የገፉ እማማዎች እጃቸውን ጨርቁ ላይ ሲያሳልፉ ወጣቶቹ ያላዩትን ሻካራ ስፌት ይደርሱበታል።

ጠርዙን በሌላ ጨርቅ መክፈፍ ያምራል፤ ሆኖም ጊዜ ይበላል፤ ማዕዘኑም ይወፍራል። ገልብጦ መስፋት ይሻላል። ሁለቱን ፊቶች መልካም መልኩን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን በአንድ ሳንቲ ሜትር ስፉ፤ በአንዱ ጎን አስር ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉ፤ ማዕዘኑን ቁረጡና ገልብጡት፤ ከዚያ ክፍተቱን ዝጉና ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን ድገሙት። ሙሌት ከሌለው ሁለቱ ፊቶች እንዳይለያዩ መሀሉ ላይ ሁለት መስመር ማሳለፍ ይበቃል።

በቁርጥራጭ የተገጣጠመ ድሪቶ ይሁን ወይስ ሙሉ ጨርቅ? ድሪቶ ቅዳጅ ያድናል፤ ሴቶች ተቀምጠው ሲገጣጥሙትም ሥራው ይጥማል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ግጥሚያ ላይ ጨርቁ እጥፍ ይሆናል፤ ሲበዛ ልብሱ ይገተራል፤ ከእጥበት ብዛት የሚተረተረውም ግጥሚያው ነው። ለክፍሉ በሚሰጠው ልብስ ላይ ሙሉ ጨርቅ፤ ለእናቲቱ በሚሰጠው ላይ፣ በውጭኛው ፊት ብቻ፣ ከዘጠኝ የማይበልጡ ሰፋፊ ቁርጥራጮች ይሁኑ።

ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ጥብጣብ፣ ዳንቴል፣ የሚያብረቀርቅ ክር፣ ዘርፍ፣ ዚፕ በጭራሽ አይግቡ። ጥልፍ የፈለገች በውጭኛው ፊት ማዕዘን ላይ ትንሽ ታድርግ፤ ጀርባው በገበር ይሸፈን። መርፌና እስፒል ሥራ ሲጀመር ይቆጠር፤ ሲያበቃም ይቆጠር። ቁጥሩ ካልሞላ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ በማግኔት እስኪፈተሽ ድረስ ማንም ምንም ይዞ አይሂድ።

እጥበትና አቀማመጥ

የተሰፋው ልብስ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ፤ ማለስለሻና ሽቶ ያለው ዱቄት ሳሙና ይቅር። በረኪና ከተነካ ደጋግሞ ይለቅለቅ። ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ይተኮስ። የከሰል ካውያ የምትጠቀሙ ፍም ወይም አመድ እንዳይረግፍበት ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ብል እንዳይበላው ተብሎ የሚቀመጠው ነጭ የናፍታሊን እንክብል በእነዚህ ልብሶች አጠገብ አይድረስ። ሽታው በጨርቁ ላይ ይቀራል፤ በተፈጥሮ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሕፃናት በናፍታሊን ምክንያት ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱና ቢጫነታቸው ሊከፋ ይችላል። ሣጥን ውስጥ ከናፍታሊን ጋር የከረመ ጋቢ ከተለገሳችሁ አመስግናችሁ ለሌላ ሥራ አውሉት። ቡና እየተፈላ፣ እጣን እየጨሰ መስፋትም የለመድነው ነው፤ ግን ጭሱ ጨርቅ ውስጥ ይገባል፤ ሳንባው ላልጠነከረ ሕፃን አይስማማም። ቡናው ከስፌቱ በኋላ ይሁን፤ ያለቀውም ሥራ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። በኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አቃጥሎ ሲያጥን ደግሞ ያለቁትን ልብሶች በፕላስቲክ አሽጋችሁ ቆዩ።

ለክፍሉ ወይስ ለእናት?

ለክፍሉ የሚሰጥ ልብስ ለብዙ ሕፃናት ይደርሳል፤ ጠንካራ፣ መቀቀል የሚችል፣ አንድ ዓይነትና በቀላሉ የሚቆጠር መሆን አለበት። ለእናት የሚሰጥ ልብስ የዚያ ልጅ ብቻ ነው፤ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ኢንፌክሽን አያሻግርም፤ ከሆስፒታልም አብሮ ይወጣል። ልጇ ካልተረፈላትም ልብሱ የእሷ ነው፤ ማንም መልሺ አይላት። እጥበቱ በአስታማሚ እጅ በሆነበት ቦታ ለእናት መስጠት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የክፍሉ የልብስ ማጠቢያ በሚገባ በሚሠራበት ደግሞ ለክፍሉ።

ለእናት ስትሰጡ አንዲት ወረቀት አያይዙ፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ትጻፍ፤ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩና ከሰበታ የሚመጡ እናቶች ብዙ ናቸውና። ጨርቁ ጥጥ መሆኑንና እንዴት እንደሚታጠብ ከጻፋችሁ በኋላ ይህንንም ጨምሩ፦ ቤት ከገባችሁ በኋላ ሕፃኑ ብቻውን ሲተኛ በጀርባው ይተኛ፤ ይህን ልብስ ጨምሮ ልል ጨርቅ፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ በፊቱ አጠገብ አይኑር። ሆስፒታል ውስጥ ትንፋሹን የሚከታተል ሰውና መሣሪያ ነበር፤ ቤት የለም። ይህ ልብስ ቤት ውስጥ በእናት እቅፍ ሳለ፣ ከቤት ሲወጣና ነቅቶ ሲጫወት ያገልግለው።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቀን በዓለም ላይ የሚታሰበው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17፣ በእኛ ኅዳር 8 አካባቢ ነው። ያን ቀን ጠብቆ መስጠት መልካም ነው፤ ሕፃናቱ ግን በየሳምንቱ ይወለዳሉ። ክምር አድርጋችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ከምታመጡ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ በየወሩ ብታደርሱ ክፍሉ የሚያስቀምጥበት ቦታ አያጣም፤ እናንተም ነርሷ በወሩ ውስጥ ያየችውን ሰምታችሁ የሚቀጥለውን ታስተካክላላችሁ። የመጀመሪያውን ዙር አምስት ልብስ ብቻ አድርጉት፤ ክፍሉ አንድ ወር ይጠቀምበትና ይጠብበት፤ ከዚያ ሄዳችሁ ራሳቸውን ልብሶቹን አገላብጣችሁ እዩ፤ የቀረውን ጨርቅ የምትቆርጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።